በሕይወት ያለውን ሰው «ሞቷል» ብዬ የጻፍኩ ቀን

አሁን ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ሮቤ ውስጥ ፊደል ያስቆጠርኳቸው ልጆች ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል። ብዙዎቹ መምህርነትን ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው ኖሬ የገባሁበት ይመስላቸዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ከመምህርነት በፊት ሌላ ሥራ ነበረኝ። ከዚያ ሥራ ለምን እንደወጣሁ ለገዛ ልጆቼ እንኳ ጠርዝ ጠርዙን እንጂ መሐሉን ነግሬያቸው አላውቅም።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጎባ ነበረች። አባቴ ከሸዋ ከጦር ጋር መጥቶ እዚያው የቀረ የሃምሳ አለቃ ነው፤ እናቴ ከጎባ በታች የተወለደች ኦሮሞ ናት። አባቴ በአማርኛ ይቆጣናል፣ እናቴ በኦሮምኛ ታባብለናለች፤ እኔ በሁለቱም ስመልስ አደግሁ። ስምንተኛ ክፍል እንደጨረስኩ፣ የእጅ ጽሑፌ ያማረ ነው ተብዬ ከከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ከገጠር ባለጉዳይ ሲመጣም የማስተረጉመው እኔው ነበርኩ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ባለጉዳዩ የእኔን አፍ፣ አለቃዬም የእኔን አፍ ሲጠብቁ መሐል ላይ መቆሜ ደስ ይለኝ ነበር። እንደዚያ መቆም ምን ያህል ሸክም እንዳለው የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ቢነገረኝም የምሰማ አልነበርኩም።

በዚያ ዓመት ገብሱ ሊታጨድ ጥቂት ቀን ሲቀረው በረዶ ወረደ። ከጎባ በላይ ወደ ሳነቴ በሚያወጣው ተራራ ግርጌ ያሉት መንደሮች በአንድ ከሰዓት በኋላ ባዶ ቀሩ። ማሳው ከብት ሲተኛበት የዋለ መስሎ ነበር። እርዳታ ይሰጥ ሲባል እህል ለመጫን ታሰበ፤ መንገዱ ግን ጭቃ ስለነበር መኪና የሚያወጣ አልሆነም። በመጨረሻ ገንዘቡ ራሱ በየቤቱ ይታደል ተባለ። እስከዚያ ድረስ ለገበሬ ጥሬ ብር በእጁ ሲሰጥ አይቼ አላውቅም። መሥሪያ ቤታችን ውስጥም ያልተከራከረ አልነበረም። አንዱ ጫት ይቅሙበታል ይላል፣ ሌላው ሚስት ያገቡበታል ይላል። አለቃዬ አቶ ታፈሰ ግን፣ ረሃቡ የእነሱ ነው፤ ምን እንደሚያስፈልጋቸውም የሚያውቁት እነሱ ናቸው ብለው ዘጉት። ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ።

ደንቡ አጭር ነበር። ለአንድ አባወራ አንድ ድርሻ፣ ሃያ አምስት ብር። አባወራው ከሞተ ድርሻው ለሚስቱ ይሰጣል። አንድ ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ አይወስድም።

መንደሪቱን ስሟን ልተወው፤ የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬም እዚያ አሉ። ስንደርስ የተቀበሉን ባሻ ወርቁ ነበሩ። የመንደሩ ጭቃ ሹም ናቸው፤ ከዚያም በላይ ጎባ ለሚኖረው ባለርስት ወኪል ናቸው። የመንደሩ ሰው ሁሉ የዚያ ባለርስት ጭሰኛ ስለሆነ፣ ማን የትኛውን ማሳ እንደሚያርስ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። አቶ ታፈሰ ገንዘቡ በሚታደልበት ቦታ እንዳይቆሙ ነገሯቸው። ባሻም ሳይከፋቸው፣ ለመዝገብ የሚሆን የስም ዝርዝሩ ግልባጭ ብቻ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ጭቃ ሹም ግልባጭ መያዙ የተለመደ ነበርና ተፈቀደላቸው።

እስከ ቀትር ድረስ ሥራው ያለ ችግር ሄደ። አቶ ታፈሰ ምሳ ሊበሉ ሲነሡ፣ ከሰልፉ ርቃ ተቀምጣ የነበረች ሴት ወደ እኔ መጣች። ረጅም ናት፤ ዕድሜዋ ወደ ሠላሳ አምስት ይጠጋል፤ ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች። ስሟ ሐሊማ ነው። በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥታኝ ችግሯን ነገረችኝ። ባሏ ቃዲር ሁለት ሚስት አለው። ታናሺቱ ታችኛው መንደር፣ በሌላ ባለርስት መሬት ላይ ትኖራለች። ቃዲር ድርሻውን ትናንት እዚያ ወስዷል፤ ሐሊማና አራት ልጆቿ ግን ከዚያ ገንዘብ ሳንቲም አላዩም። እዚህ ላይኛው መንደር ያለውን የእሷን ማሳ ቃዲር ራሱ እየመጣ ነው የሚያርሰው፤ ከማሳው የሚገኘውን ግን በረዶው ወስዶታል። እንደ ሌሎቹ አላለቀሰችም። የነገረችኝ ልክ አንድ ዕቃ የት እንደወደቀ እንደምታመለክት ሰው ነው።

ወደ አቶ ታፈሰ ሮጥኩ። እንጀራቸውን እንደያዙ ሰሙኝ፤ ደንቡ ደንብ ነው አሉ። ለአንዷ ከተከፈተ ባለሁለት ሚስት ሁሉ ነገ ይሰለፋል፤ ገንዘቡ ደግሞ ለቀሩት መንደሮች አይበቃም። እውነታቸውን ነበር። እኔ ግን ተመልሼ ስሄድ የታየኝ የሕፃኑ እግር ብቻ ነው፤ ቀጭን ነበር።

ተቀመጥኩ፤ ብዕሬን አነሣሁ፤ የሐሊማን ስም አስገብቼ ከትይዩው «ባሏ የሞተባት» ብዬ ጻፍኩ።

ምን እንደጻፍኩ አልነገርኳትም። ጣቷን ይዤ ቀለም አስነክቼ አስፈረምኳት፤ ገንዘቡንም ሰጠኋት። ሐሊማ ተፈቀደልኝ ብላ አሰበች። እጄን ሳመችኝና ለእናቴ ዕድሜ ለምና ሄደች። አመሻሹ ላይ የባሻን ግልባጭ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ እጄ ትንሽ ቆም አለ፤ ከዋናው ጋር ካልተመሳሰለ ይታወቃል ብዬ ያንኑ ቃል ደገምኩት። አቶ ታፈሰ ማኅተም መቱበት። ወደ ጎባ ስንወርድ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጥሩ ሰው የሆንኩ መስሎኝ አያውቅም።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ጠዋት መሥሪያ ቤት ስገባ ሐሊማ በራፉ ላይ ቆማ አገኘኋት። ሕፃኑን አዝላ በሌሊት ተነሥታ ነው የመጣችው። «አካም ቡልቴ፣ አዴ ሐሊማ» አልኳት። ሰላምታዬን አልመለሰችም።

«ኢንታላ ኮ፣» አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ «ባሌን ማነው የገደለው?»

መጀመሪያ በእውነት የሞተ መሰለኝ። ቀስ እያለች ስትነግረኝ ነው የገባኝ። በገንዘቡ አንዲት እናት በግና የዘር ገብስ ገዝታ ነበር። ቃዲርም የዘር ገብስ መኖሩን ሲሰማ ሊዘራ በሬዎቹን ይዞ ወጣ። ማሳው ላይ ግን ሌላ ሰው ጥማዱን አሰናድቶ አገኘ። ወደ ባሻ ወርቁ ሄዶ ቢጮህ፣ ባሻ ዝርዝሩን አውጥተው አነበቡለት። ያ መሬት ለቃዲር የተሰጠ ነው፤ ቃዲር ደግሞ እንደ መንግሥት ወረቀት ሞቷል፤ የሟች ሚስት በሬ ጠምዳ አታርስም፤ ስለዚህ መሬቱ ለሚችል ተሰጥቷል አሉት። ባሻ ቃዲርን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቁታል። ከፊታቸው ቆሞ እየተናገረ ነው። ኋላ እንደሰማሁት፣ አዲሱ ሰው መሬቱን ለማግኘት አንድ ወይፈን ሰጥቷቸዋል፤ ሲፈልጉት የነበረውን ሰበብ ያበረከትኩላቸው ግን እኔ ነበርኩ።

ቃዲር ያበደው በመሬቱ ብቻ አልነበረም። ሚስቴ ለሃያ አምስት ብር ብላ ሞቴን አስጻፈች ብሎ ነው። እሷ ወረቀቱ ላይ ምን እንዳለ እንደማታውቅ በአላህ ብትምልለትም አላመናትም። ቅዳሜ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ይፈታታል። ሐሊማ የመጣችው፣ ቃዲር በሕይወት አለ የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ፍለጋ ነው። የጻፍኩት እኔ መሆኔን ስነግራት ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ የጻፈ እጅ ያጠፋዋል ብላ በሩ ሥር ተቀመጠች።

ወደ አቶ ታፈሰ ገባሁ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። የሚጽፉት ደብዳቤ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ መናገር ነበረበት። ከእኔ ነው ቢባል የመንግሥትን ገንዘብ ያለአግባብ በመስጠት እከሰሳለሁ፤ ማኅተሙን የመቱት እሳቸው ስለሆኑ እሳቸውም ይጠየቃሉ፤ እደላውም ይቆማል፤ ገና ያልደረስንባቸው መንደሮች ይቀራሉ። ይህን ሁሉ በቀስታ ሲዘረዝሩልኝ እያንዳንዱ እውነት ነበር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሴትዮዋ ባሌ ሞቷል ብላ አሳስታን ነው ብለን እንጻፍ። ድኻ ናት፣ ማንም አይከስሳትም። መሬቷንም ታገኛለች።»

ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ እሺታ ወሰዱት፤ እሺታም ነበር። ደብዳቤውን እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። ቃዲር በሕይወት መኖሩ ተረጋግጧል ይላል፤ ቀጥሎ ደግሞ ሐሊማ የተባለችው ሴት ገንዘብ ለማግኘት ስትል መሥሪያ ቤቱን አታልላለች ይላል። ከግርጌው የእሷ የጣት አሻራ አስፈልጎ ነበር።

ወደ በራፉ ወጣሁ። ሐሊማ ወረቀቱን አየችው፤ ፊደል አታውቅም።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«ቃዲር በሕይወት አለ ይላል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም።»

ጣቷን ሰጠችኝ። ከሥራ ብዛት የሻከረ አውራ ጣት ነው፤ አሻራው አልወጣ ብሎ ሁለት ጊዜ ነው ያስጫንኳት። ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ አላህ ይስጥሽ አለችኝና ዳገቱን ተያያዘችው። እኔም ተመልሼ ገብቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ይህን የምጽፈው ራሴን ለማሳመር አይደለምና ልክ እንደሆነው ልንገራችሁ። በዚያ ቀን እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የተሰማኝ እፎይታ ነበር።

ከምሳ በኋላ ግን ደብዳቤው ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ፊት እንደሚነበብ አስታወስኩ። የሚያነበው ማነው? በመንደሩ ውስጥ አማርኛ የሚያነብ ባሻ ወርቁ ብቻ ናቸው። ባሏ ያላመናትን ቃል አሁን ማኅተምና የገዛ ጣቷ ሊመሰክሩባት ነው። በነጋታው ዓርብ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ አልሰደበችኝም፤ የተናገረችው አንድ ነገር ነው፦ «አፍ ያበላሸውን ወረቀት አይጠግነውም፤ ሄደሽ በአፍሽ ተናገሪ።» አባቴ ሰምቶ ከለከለኝ። እናቴ ቅዳሜ ጠዋት የራሷን ጋቢ አልብሳ በጓሮ በር አስወጣችኝ።

ወደ ላይ የሚሄዱ ነጋዴዎችን ተከትዬ አራት ሰዓት ያህል ተጓዝኩ። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ከሚጀምርበት በታች ያለውን ጅረት ስሻገር ጫማዬ ተበጠሰ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ቃል በኦሮምኛ እየደጋገምኩ ነበር፤ መንደሩ ሲታየኝ ሁሉም ጠፋኝ።

ሰው ከባሻ ወርቁ ጎተራ ፊት ለፊት ተሰብስቧል። ባሻ ቆመው እያነበቡ ነበር። አንድ መስመር በአማርኛ ያነባሉ፣ ከዚያ በኦሮምኛ ይፈቱታል። ስጠጋ «አታልላለች» የሚለው ጋ ደርሰዋል። ቃሉን ሲፈቱት «ሰርቃለች» ብለው ፈቱት። ሐሊማ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ቀና ብላ ወረቀቱን አየች፣ ቀጥሎም ገና ከሩቅ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየት ልገልጽላችሁ አልችልም። የቁጣ አልነበረም።

ቃዲር ተነሣ። አጭርና ደረቱ ሰፊ ሰው ነው። የፍቺውን ቃል ለመናገር አፉን ሲከፍት ከሰው ጀርባ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሁለቱንም ወረቀት የጻፍኩ እኔ ነኝ።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ባሻ ወርቁ በአማርኛ፣ ይህ የመንደር ጉዳይ ነው፣ ወደ ሥራሽ ተመለሽ አሉኝ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ሐጂ ኡስማን ግን በብትራቸው መሬቱን መታ አድርገው ልጅቷ ትናገር አሉ። በዕድሜ የጠኑ፣ ዓይናቸው የደከመ ሰው ነበሩ። አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ባሏ ሞቷል ብላሻለች? አላለችኝም። የጻፍሽውን ታውቅ ነበር? አታውቅም። በዚህ በአሁኑ ወረቀት ላይ ያለውንስ? አልነገርኳትም፤ ስትጠይቀኝ ደብቄያታለሁ። ይህን ስል ከሴቶቹ መሐል አንዲት ምራቋን ተፋች።

«ታዲያ ለምን እንዲህ አደረግሽ?» አሉኝ።

«ልጆቿ እንዲበሉ ብዬ ነው፣ ሐጂ።»

ሐጂ ኡስማን ብትራቸውን ጭናቸው ላይ አስተኙ። ከዚያ እንደ ልጅ ልጃቸው እያዩኝ ተናገሩ። «እኛ በዚያ ቀን እዚህ ነበርን። ቃዲርም ታች ነበር። ብትጠይቂን ጠርተነው ብሩን ከሁለቱ ሚስቶቹ ፊት እናካፍለው ነበር። እንቢ ለማለት ፊት የለውም። አንቺ ግን ማንንም ሳትጠይቂ ገደልሽው።»



ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ። በታሪክ ላይ እንደምንሰማው አላለቀም። ቃዲር የፍቺውን ቃል ዋጠው፤ የሐሊማን ቤት ደጃፍ ግን ከዚያ በኋላ አልረገጠም። ባሻ ወርቁ ቃዲር በሕይወት መኖሩ በማኅተም ስለተረጋገጠ መሬቱን መለሱ፤ የመለሱት ግን የማሳውን ድንጋያማ የላይኛ ክፍል ነው። ውኃ የሚጠጣው ታችኛው ክፍል በአዲሱ ሰው እጅ ቀረ። ሐሊማ ለገዛችው የዘር ገብስ የሚበቃ መሬት ስላልነበረ ግማሹን ቆልተው በሉት።

ሰኞ ሦስተኛ ወረቀት ጻፍኩ፤ ይህኛው በራሴ ስም ነበር። አቶ ታፈሰ ሳያናግሩኝ ተቀበሉኝ። አልታሰርኩም፤ ሃያ አምስቱ ብር ከደመወዜ ተቆርጦ ተሰናበትኩ። እደላው ደግሞ እንደፈሩት ለማጣራት ተብሎ ቆመ፤ ሁለት መንደሮች ከዝናቡ በኋላ ነው ያገኙት። ያንንም በእኔ ላይ ቁጠሩት። ጎባ ውስጥ ሥራ የሚሰጠኝ ጠፍቶ አንድ ዓመት ያህል ቤት ተቀመጥኩ። ከዚያ ሮቤ ትንሽ ትምህርት ቤት መምህር ሲፈለግ ሄድኩ። ያን ሁሉ ዓመት ገበሬ ወላጅ ልጁን ሊያስመዘግብ ሲመጣ፣ መዝገቡ ላይ የጻፍኩትን በቋንቋው አንብቤለት ልክ ነው እስኪለኝ ብዕሬን አላስቀምጥም ነበር። ባልደረቦቼ ዘገየች እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ዛሬ ደግሞ ለድኻ ገበሬ ብር በእጁ ስለመስጠት ሰው ሲከራከር እሰማለሁ። አንዳንዱ ያባክኑታል ይላል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ያቺ ሴት ያገኘችውን አንዲት ሳንቲም አላባከነችም፤ በግና ዘር ነው የገዛችበት። ያበላሸው ብሩ አልነበረም። ብሩ ወደ አንድ ቤት ሲገባ ዝም ብሎ አይገባም፤ ባልና ሚስት መሐል ይገባል፣ ጭሰኛና ባለመሬት መሐል ይገባል፣ ታላቅና ታናሽ ሚስት መሐል ይገባል። እናንተ በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ልጆች፣ እጃችሁ ርኅሩኅ መሆኑን አልጠራጠርም። የእኔም እጅ በዚያን ቀን ርኅሩኅ ነበረ። ስለ ሰው ቤት ስትጽፉ ግን ባለቤቱ ከጎናችሁ ተቀምጦ ይስማ። ለመጠየቅ የሚፈጀው ጊዜ ብዙ አይደለም፤ እኔ ያጠፋሁትን ለማቃናት ግን ዕድሜዬ አልበቃኝም።

ሐሊማን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አግኝቻታለሁ። ብዙ ዓመት አልፎ ነበር፤ ሮቤ ገበያ፣ የበግ ተራ ውስጥ። ሸምግላለች፤ ቁመቷ ግን ያው ነው። እሷ ናት ቀድማ ያወቀችኝ። ልጆቿ ሁሉም ማደጋቸውን፣ ትልቋ ሴት ልጇ አጋርፋ ከተማ ማግባቷን ነገረችኝ። ቃዲር ሞቷል፤ በእውነት ሞቷል። ስትነግረኝ ሁለታችንም መሬት መሬት አየን። እኔም በልቤ ይዤው የኖርኩትን ጠየቅኋት፤ ይቅር ብለሽኛል ወይ አልኳት።

አልቸኮለችም። የበጎቿን ገመድ በእጇ ላይ እየጠቀለለች አሰበችበት።

«ለአላህ ብዬ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፣» አለችኝ። «ለብሩ ይቅር ብዬሻለሁ፤ ልጆቼን አይተሽ ነው። በራፉ ላይ 'ሌላስ?' ብዬ ስጠይቅሽ ለመለስሽልኝ ግን ገና ነኝ።»

ከዚያ እጄን ይዛ ሰላምታ ሰጠችኝና በጎቿን ነድታ ሄደች።